የሚጠብቅ ተፎካካሪ

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ፍሬን» ይሉታል። ሥራው ፍሬን ነው፤ የፍሬን ሸራ ይቀይራል፣ ዘይት ያፈሳል፣ መኪና ሥር ተንጋሎ የተበላ ብረት በጣቱ ይዳስሳል። ቅጽል ስሙ የጸናበት ግን በሥራው ብቻ አይደለም፣ በአፉም ጭምር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ የጌም ወሬ ከተነሣ ለሌላው ሰው ተራ አይደርስም።

«የመኪና ጌም ሲባል ነዳጅ መርገጥ ብቻ ይመስላችኋል» ይላል እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ነዳጅማ ማንም ይረግጣል። ጨዋታው ያለው ፍሬኑ ላይ ነው።»

«ታዲያ ጨው ሻጭ ወጡ ጨው አነሰው ቢል ምን ይገርማል?» ይለዋል ባትላሜራው፣ የተጨማደደ የመኪና አካል የሚያቃናው ጓደኛው። ሁሉም ይስቃሉ።

እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይቀጥላል። ከሁሉም የሚያስበልጠው አንድ አሮጌ የተራራ መንገድ ውድድር ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ካበዛህ ይግላል፤ ከጋለ አይዝም፤ ካልያዘ ገደል ነው። «ገደል ከከተተህ በኋላ ግን ለምን እንደገባህ ታውቃለህ። ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ሌላ የምታማው የለም። ጌም ማለት ይሄ ነው።» ሁለተኛው የጎራዴ ጨዋታ ነው። መጀመሪያው በር ላይ የቆመ አንድ ዘበኛ ክረምቱን ሙሉ ገድሎታል። በመጨረሻ ዘበኛውን ባለፈበት ቀን አልጮኸም፣ አልዘለለም፤ ተነሥቶ ውሃ ጠጣ። «ያ ዘበኛ ካስተማሩኝ ሁሉ ይበልጣል። አንድም ቀን አላዘነልኝም።»

ሦስተኛው ኳስ ነው፤ የድሮው፣ ተጫዋቾቹ ፊታቸው የሳሙና ሣጥን የሚመስለው። የአሁኖቹን አይወድም። «ፀጉራቸው በነፋስ ይወዛወዛል፣ ላባቸው ይንጠባጠባል፤ ኳሷ ግን አንተ ሳትነግራት መሄጃዋን ታውቃለች። ታዲያ አንተ ምን ታደርጋለህ? ቁጭ ብለህ አጨብጭብ!» የስልክ ጌሞችንማ ስማቸውን እንኳ አያነሣም። ገና ሲከፍቱት «እንኳን ደስ ያለህ» የሚል ጌም ለእሱ፣ ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው።

ከልቡ የጠላው ጌም ግን አንድ ነበር። መልኩ የሚያምር፣ መንገዱ የሚያብረቀርቅ የመኪና ውድድር ነው። ሲጫወት አንድ ነገር ከነከነው፦ እሱ ተጋጭቶ ወደ ኋላ ሲቀር ከፊት ያሉት ይዘገያሉ። ሊፈትናቸው ብሎ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ። ቀጥሎ ሲነሣ ከኩርባው ኋላ እየተንቀራፈፉ አገኛቸው፤ እየጠበቁት ነበር። ዲስኩን አወጣና ጉልበቱ ላይ ሰበረው።

ታናሽ ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። «ምን አደረገህ፣ ጋሼ?» አለው ደንግጦ።

«የሚጠብቅህ ተፎካካሪ ሰዳቢ ነው። አቅም የለህም እያለህ ነው፣ በጨዋ ቋንቋ።»

ይህን ያለው ለማን እንደነበር ሲያስታውስ፣ ዛሬም ድረስ ከመኪና ሥር በተኛበት ፊቱ ይግላል። ምክንያቱም ለዚያው ወንድሙ በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሶፋ ላይ ሆን ብሎ እየተሸነፈለት ነበር።

የተጀመረው በምግብ ነው። እናታቸው የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች፤ ስትመለስ እጇ ተጨማዶ፣ ወገቧ ተቆርጦ ነው። ትንሹ ደግሞ ኳስ ጌም ከተሸነፈ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ እህል አይቀምስም። ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ ያው ነው። አንድ ቀን እናትዮዋ ሳህኑን እንደያዘች ትልቁ ላይ ዞረች።

«አንተ ትልቅ አይደለህ እንዴ? ምን ይቀርብሃል? ተሸነፍለትና ይብላልኝ!»

ተሸነፈለት። ልጁም በላ። እናታቸው ጫማዋን አውልቃ ጋደም አለች። ቤቱ ሰላም ሆነ።

መሸነፍ ግን ሙያ ነው፤ ፍሬን ይህን የተማረው ያኔ ነው። ዝም ብለህ ብትለቅ ሕፃንም ያውቅብሃል። ቀድመህ ጎል ማግባት አለብህ። በረኛህን ትንሽ ቀደም አድርገህ ታወጣዋለህ፤ ኳሷን ለማቀበል አንዲት ትንፋሽ ትዘገያለህ። በሰፊ ልዩነት አትሸነፍም። ሲያበቃ ጆይስቲኩን ትረግማለህ፣ ሶፋውን በጡጫ ትመታለህ፣ «ድገመኝ» ትላለህ። አንዳንዴ ደግሞ ማሸነፍ አለብህ፤ ያም ልጁ ምሳውን በደንብ በበላበት ቀን ነው። የፍሬን አውራ ጣቶች ከጎራዴው ዘበኛ ጋር ከለፉት ይልቅ በዚህ የለፉት ይበልጣል።

«ሻምፒዮን» ብሎ የጠራውም እሱ ነው። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሠፈር ገባ፣ ከሠፈር ትምህርት ቤት ደረሰ። ልጁ አገጩን ቀና አድርጎ መሄድ ጀመረ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የፍሬን ግን እያደር ከበደ። ልጁ ጢም ካበቀለ፣ ተሸንፎም ቢሆን መብላት ከቻለ በኋላ እንኳ ማቆም አልቻለም። ዛሬ ቢያሸንፈው፣ የትናንቱን ምን ይበለው?

ሠፈሩ ውስጥ ያለው ጌም ቤት ውድድር ያዘጋጀ ጊዜ ታናሹ ሳይነግረው ተመዘገበ። ጓደኞቹን ይዞ ሄደ፤ የሚወዳትንም ልጅ። ፍሬን የሰማው ከጋራዥ ሲወጣ ነው፤ የዘይት ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ሮጠ። ሲደርስ ሻምፒዮን ከአንድ ቀጭን ፀጉር አስተካካይ ጋር ተቀምጧል፣ ጎሉ ይዘንብበታል። አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል።

«ኧረ ሻምፒዮን፣ ጆይስቲክ ነው የያዝከው ወይስ ሳሙና?» ይላል አንዱ ከኋላ።

ጨዋታው ሲያልቅ ፀጉር አስተካካዩ እጁን ዘረጋለት፤ ዘርግቶም አልተወው፦ «ወንድም፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሻምፒዮን ያለህ ማነው? እናትህ ናት?»

የፍሬን ደም ፈላ። የጌም ቤቱ ባለቤት ያውቀው ነበርና ወንበሩን ሳበለት፤ «እስቲ አንተ ተቀመጥለት፣ ለወግ ያህል» አለው። ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ስለ ምንም አላሰበም፤ በኋላ ሲያስታውሰው የቀረው የጆይስቲኩ ሙቀት ብቻ ነው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት አገባ። አዳራሹ ቆሞ ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ ፊሽካው ሳይነፋ ጆይስቲኩን አስቀምጦ «ይሄ ሰውዬ በሽተኛ ነው» ብሎ ተነሣ።

ፍሬን ወደ ወንድሙ ዞረ፤ ደምህን መለስኩልህ በሚል ኩራት። ታናሹ ግን ስክሪኑን አያይም ነበር። የሚያየው የወንድሙን አውራ ጣቶች ነው። እንደዚያ ሲንቀሳቀሱ በሕይወቱ አይቷቸው አያውቅም።

መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሄዱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ታናሹ።

«ምኑ?»

«ተው። ከመቼ ጀምሮ?»

ፍሬን ሲቸግረው «እማዬ ናት…» አለ። ባላለ ይሻል ነበር።

«ሁለታችሁም ናችኋ!» ታናሹ ቆመ። «አንተ እኮ ነህ ያንን ዲስክ በጉልበትህ የሰበርከው። ሰዳቢ ነው ያልከኝ አንተ ነህ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ «ጋሼ» ቀረ። እንደ ጋራዡ ሰዎች «ፍሬን» ብሎ ይጠራው ጀመር፤ በስልክም፣ በሰው ፊትም፣ በእናታቸውም ፊት። ቃሉ ያው ነው፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ብረት ብረት ይላል።

የባሰው ግን ይህ አይደለም። ልጁ ያሸነፈውን ነገር ሁሉ መጠራጠር ያዘ። የትምህርት ቤት ፈተናውን ሲያልፍ «መምህሩን አናግረኸው ነበር?» አለው። ማተሚያ ቤት ሥራ ሲያገኝ ደስታውን ከመንገሩ በፊት ደውሎ «ማንን ለምነህልኝ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፍሬን ማንንም አልለመነም። በእግዜር፣ በእናቱ፣ በዓይኑ ብርሃን ማለ። የሚምልን ሰው ማን ያምናል? ታናሹ አግብቶ ሲወጣ በሠርጉ ቀን እንደ እንግዳ አቀፈውና ሰላም አለው፣ ከአንገት በላይ። ባትላሜራው «ጊዜ ይፈታዋል» ይለዋል። ፍሬን አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወንድሙን። ሌላው ቢቀር ቢቀር፣ አንድ ቀን ከልቡ ሊሰድበው እንኳ ቢመጣ።

መጣም። የእናታቸው ጉልበት ደረጃ እምቢ አለና፣ ታናሹ ምድር ላይ ያለ ቤት ስላለው ወደ እሱ ወሰዳት። እሑድ ጠዋት አልጋዋን ሊወስድ ጭነት መኪና ይዞ መጣ። ፍሬን ብሎኖቹን አስቀድሞ አላልቶ፣ ፍራሹን ጠቅልሎ ጠበቀው። ታናሹ ክፍሉን ሲቃኝ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ሥር ባለው አሮጌ የጌም ማጫወቻ ላይ ዐረፈ።

«ይሠራል?»

«ይሠራል። ያው እየነካካሁት።»

ታናሹ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አንድ ጨዋታ። የእውነት። እንደዚያ ፀጉር አስተካካይ አድርገህ ተጫወተኝ። ከዚያ ይበቃናል፤ ያለፈው አለፈ።»

የፍሬን ልብ ዘለለ። ይሄኔ ነው ማለት ነው! ስድስት ጎል ቢያገባበት ልጁ ስቆ ይነሣል፤ ቢያንስ አንዴ የታላቁን ሙሉ ክብደት ሳይቀነስለት ያገኛል። ጆይስቲኩን ጨበጠ፤ ያለውን ሁሉ ይዞ ገባ።

ቶሎ የገባው ነገር ግን ሌላ ነው። ታናሹ ድሮ የሚያውቀው ልጅ አይደለም። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ለማንም ሳይናገር ተለማምዷል። ኳሷን የሚያቀብለው ባዶ ቦታ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ቆይቶ ይደርሳል። ፍሬን ሮጠ፣ ዘጋ፣ በላብ ተጠመቀ። ሁለት ገባበት። አንድ አገባ። ደግሞ ሁለት ገባበት። ሶፋው ላይ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እስከ መጨረሻዋ ፊሽካ ተሟገተ፤ አልቻለውም። አራት ለአንድ።

በደስታ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። «አሸነፍከኝ! በናትህ፣ ይህን ኳስ የት ተማርከው? እኔ እኮ…»

ታናሹ ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«ድሮ ቢያንስ ትለፋልኝ ነበር» አለ። «በአንድ ጎል ነበር የምትሸነፍልኝ። አሁን ለመዋሸት እንኳ ሰነፍክ።»

«ኧረ ባክህ! የእውነት ነው! የቻልኩትን ሁሉ…»

«ያን ሰውዬ ስድስት ስታገባበት አይቻለሁ። ዓይኔ አልታወረም።»

«ያ ድሮ ነው! አንተ ከእኔ በልጠሃል፣ አይገባህም? እንደገና እንጫወት።»

«እንደገናማ በአንድ ጎል ትሸነፍልኛለህ።» ተነሣ። «ሹፌሩ በሰዓት ኪራይ ነው የሚጠብቀኝ፤ አልጋውን እናውጣ።»

የብረቱን አልጋ ከሁለት ጫፍ ያዙ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ማዘንበል ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲወርድ ክብደቱ የሚያርፈው ከታች ባለው ሰው ላይ መሆኑን ፍሬን በሥራው ያውቃል፤ ሳያስበው ወደ ኋላ እየተራመደ ከታች ሆነ።

«ቁም» አለ ታናሹ ከላይ።

«ምነው፣ ከበደህ?»

«አልከበደኝም። ለዚህ እኮ ነው ቁም ያልኩህ። ና ውጣ፣ ከታች እኔ ነኝ።»

«አንተዬ፣ ደረጃ ላይ ነን! መሬት ስንደርስ እንጣላለን።»

«ውጣ አልኩህ፣ ፍሬን።»

አልጋውን እደረጃው ላይ አስደገፉት። መተላለፊያ ስላልነበረ ፍሬን በጀርባው ግድግዳውን እየታከከ ወጣ፤ ታናሹ በጀርባው አልጋውን እየታከከ ወረደ። ደረት ለደረት ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ጎን አዩ። ከዚያ እንደገና አነሡት። ታናሹ ከታች ሆኖ ሙሉው ክብደት ሲያርፍበት የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ፍሬን ከላይ ሆኖ ብረቱን ወደ ራሱ ሊስብለት እጁ ቃጣው፤ ከዚያ የወንድሙን ፊት አየና ተወው።

«ወደ ግራ» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ታናሹ።