የታካሚው ምስጋና

በተማረችበት አገር አሥራ ሰባት ዓመት የጥርስ ሐኪም ነበረች። እዚህ መሣሪያ አቀባይ ናት፤ የክሊኒኩ ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላታል። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ለፈተና ከመቀመጧ በፊት ሁለት ዓመት በረዳትነት እንድትሠራ አዟል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከረዳት ሥራ አንዲት ጋት አለማለፏንም የክሊኒኩ ባለቤት ፈርማ ልትመሰክርላት ይገባል። ሁለቱ ዓመት ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አንድ አዛውንት የመኪና ሹፌር መንጋጋ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ መጡ።

ወጣቱ ሐኪም ሲታገል ቆይቶ ላቡን ለመጥረግ ቀና አለ።

«ልጄ፣ ጥርሴን ነው ወይስ አንገቴን የምትነቅለው?» አሉት።

እንደገና ሲሞክር ጉጠቱ አዳለጠው። ይሄኔ አጠገቡ የቆመችው እትዬን እጇ ቀደማት። አውራ ጣቷ ከጥርሱ በስተውስጥ፣ ሌባ ጣቷ በውጭ፣ የቀሩት ከአገጫቸው ሥር ገብተው መንጋጋውን ደገፉ። የነቃይ አያያዝ ነው፤ ስንት ሺህ ጊዜ እንደያዘችው እሷም አታውቅም።

«ወደ ጉንጭ ግፋው፤ አትጎትት» አለችው በሹክሹክታ።

ጥርሱ ወጣ።

«እትዬ፣ ባይኖሩ ጉዴ ፈልቶ ነበር!» አላት ሐኪሙ።

«ዝም በል። አላየህም፣ አልሰማህም።»

ቀኑ ሲደርስ የምስክርነቱን ቅጽ ለክሊኒኩ ባለቤት ሰጠቻት። ሴትየዋ ግን እስክሪብቶ በማንሳት ፈንታ የአስተያየት መዝገቡን ገልጣ ወደ እሷ አዞረችው። ፊደሎቹ ትልልቅና ዘመም ያሉ ናቸው። «ዶክተሩ ሲያቅተው የገላገለችኝ እትዬ የሚሏት ሴት ናት። እጇ ይባረክ! ሐኪም ማለት እሷ ናት።» አዛውንቱ ስልካቸውን ሳይቀር ጽፈዋል።

«ደገፍኩ እንጂ አልነቀልኩም እኮ!»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። ግን የዚህ ቅጂ በየወሩ ቢሮው ይሄዳል። ትናንት ተልኳል። በሐሰት ከፈረምኩ ክሊኒኩን ያሽጉታል።»

«እሺ፣ ምን ይሻለኛል?»

«ከዛሬ ጀምሮ እንደገና ሁለት ዓመት።»

ለፈቃዱ የሚጠየቀው የቋንቋ ፈተና ውጤቷ በስድስት ወር ውስጥ ይቃጠላል። እሱን ስታድስ ደግሞ የዲግሪ ማረጋገጫው ጊዜው ያልፋል። ቅጹን ለሁለት አጠፈችው፤ ከዚያ ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት መልሳ ዘረጋችው።

«እትዬ፣ ታካሚ ገብቷል!» ብሎ ተጣራ ወጣቱ ሐኪም።

ጓንቷን አጥልቃ ከወንበሩ በስተግራ ቆመች። ይሄኛውም ጥርስ አስቸገረ፤ ታካሚዋ አቃሰተች። ሐኪሙ ቀና ብሎ በዓይኑ ለመናት።

እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ «ሌላ ጉጠት ላቀብልዎት፣ ዶክተር?» አለችው።