የቢዮ አዋሌ ባዶ ማጥመጃዎች

ከድሬ ዳዋ በሚኒባስ የተነሳሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ቢዮ አዋሌ ሄጄ ጥፋቴን ልናገር። የሰብል ተባይ ባለሙያ ነኝ። ከአምስት ሳምንት በፊት እዚያ በሚያርሱት እናት፣ በአዴ ዘይነባ የማሽላ ማሳ ላይ የእሳት እራት ማጥመጃዎች ሰቅዬ ነበር። ውስጣቸው የሚደረገው ሽታ ሴቷ የእሳት እራት ወንዱን የምትጠራበትን የሚመስል ነው። ወንዱ ሽታውን ተከትሎ ገብቶ ይያዛል። ብዙ ከተያዘ ሰብል የሚበላው ትል፣ ተምች፣ ሊፈለፈል ነው ማለት ነው።

ትናንት መጋዘን ውስጥ የተረፉትን የሽታ እሽጎች ሳነሳ ጽሑፋቸውን አነበብኩ። የሰቀልኩት የነባሩን የአፍሪካ ተምች ሽታ ነበር። አሁን ማሽላውን የሚያሰጋው፣ ከአሜሪካ የመጣው መጤ ተምች ግን በዚያ ሽታ አይጠራም፤ የእሱ ሴት የምትለቀው ሌላ ነው። አዴ ዘይነባ በየሳምንቱ ደውለው “ባዶ ነው” ሲሉኝ፣ “እንግዲያው አይስጉ” እላቸው ነበር።

ከተማውን ለቀን ደረቁን የአሸዋ ወንዝ ተሻገርን። አጠገቤ የተቀመጠች ልብስ ነጋዴ እግሬ ስር ያለውን ማጥመጃ አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

“ለቢዮ አዋሌ ከሆነ ዘግይተሻል” አለችኝ። “ማሽላውን እያጨዱ ለከብት እየሰጡት ነው።”

ከዚያ በኋላ መንገዱን አላየሁትም።

ረፋድ፣ ማሳው ላይ

ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። ገና ያልተፈታውን የቅጠል ጥቅል ስከፍተው የመጋዝ ብናኝ የሚመስል ኩስ ተራገፈ፤ ከስሩ ወፍራም ትል ተኝቷል። ማጥመጃዎቼ ከላይ ንጹህ እንደሆኑ ተንጠልጥለዋል።

አዴ ዘይነባ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚያርሱ ሴት ናቸው።

“አዴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የሰቀልኩት የሌላ ተምች ሽታ ነው” አልኳቸው።

አንዱን የተበላ ቅጠል በጣታቸው ዳሰሱ።

“ትሉን እኮ ገና ትንሽ ሳለ አይቼው ነበር” አሉኝ። “ወላሂ፣ በእጄ እየለቀምኩ እጨፈልቀው ነበር። ባዶ ከሆነ አያሰጋም ስትዪኝ ጊዜ ተውኩት። እሷ ተምራለች አልኩ።”

“አሁን መድኃኒት ብንረጭስ?” አሉኝ ቀጥለው።

ትሉ ጥቅሉ ውስጥ ስለገባ መድኃኒቱ እንደማይደርስበት ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ማጨድ ቀጠሉ።

ጎረቤቶቻቸውም የእሳቸውን ማጥመጃ እያዩ ተዘናግተው ነበር። በየቤቱ ሄጄ ነገርኩ። አንዱ አባወራ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ቤቱ ገባ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ድሬ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ትክክለኛውን ሽታ ሰቅዬ መጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ወንዶቹ ይያዙ ይሆናል፤ የዘንድሮው ማሽላ ግን አልቋል። የእሽጉን ጽሑፍ ማንበብ ማንም ሊያስተምረኝ አይገባም ነበር። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አዴ ዘይነባ አምስት ጊዜ ደውለውልኛል። አምስቱንም ጊዜ ማጥመጃው ምን ያዘ ብዬ ጠየቅኳቸው። እርስዎስ ምን አዩ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም።