ይልቃል ጠመንጃውን ለሰይድ ሰጠ

ወደ ኮረብታው እንድንወጣ ትእዛዝ የደረሰን ከቀትር በኋላ ነበር። የኮረብታውን ስም ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ዛፍ ስላልነበረበት እኛ «መላጣው» አልነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ያዝነው። ንጋት ላይ ከባድ መሣሪያ ወረደብን። ምሽጋችን ተናደ። ፈንታሁንና ሌሎች ሁለት ጓዶቻችን ከአፈሩ ሥር ቀሩ።

ተኩሱ ጋብ ሲል አእምሮዬ ታወከ። ምን እንደምናገር፣ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። መሪያችን አሥር አለቃ ታከለ ከሰው እጅ መሣሪያ አይቀማም። «የተቀማ ወታደር ዳግመኛ ወታደር አይሆንም» ይል ነበር። አእምሮው የታወከበት ሰው ሲያይ አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ለማን አደራ ትሰጣለህ?» ብሎ ብቻ ይጠይቀዋል። እኔንም ጠየቀኝ። ለይልቃል አልሁ፤ ጉንደ ወይን አብሮኝ ያደገ ነው። ይልቃል ሁለት መሣሪያ ተሸክሞ ዋለ። ብለምነው፣ ብሰድበው፣ መልሱ «ገና ነህ» ብቻ ነበር። የመለሰልኝ እህል ቀምሼ፣ ተኝቼ ከተነሣሁ በኋላ ነው።

እናንተ ልጆች የጦር ሜዳ ሲባል ተኩሱ ብቻ ይመስላችኋል። መላጣው ኮረብታ ተከትሎን ጉንደ ወይን ድረስ መጥቷል።

እኔ ወፍጮ ቤት ከፈትሁ፤ ይልቃል ወደ እርሻው ተመለሰ። ዓመታት በሰላም አለፉ። ባለፈው ክረምት ግን ይልቃል እንቅልፍ አጣ። ነጎድጓድ ሲሰማ ከቤት ሮጦ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ይተኛል። ኋላም «ከነፈንታሁን ጋር በቀረሁ» ማለት ጀመረ። ሚስቱ እናኑ ደብረ ማርቆስ ወስዳ አሳከመችው። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠውና፣ እስኪሻለው ድረስ ቤቱ ውስጥ መሣሪያ እንዳይኖር አስጠነቀቃቸው። ይልቃል ያለው የአባቱ ምንሽርና በሬ ሸጦ የገዛው ክላሽ ነው።

ወደ እኔ እንደሚያመጣቸው ቅንጣት አልተጠራጠርሁም። ግድግዳዬ ላይ ሁለት ችንካር መታሁላቸው። ከሰዓት በኋላ እናኑ ጠመንጃዎቹን በጋቢ ጠቅልላ ስትመጣ አየኋት፤ ይልቃል ከኋላዋ ነው። ወፍጮ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ይልቃል በእጁ ሰላም ብሎኝ አለፈ። ሰይድ ሱቅ ገቡ።

ሰይድ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ደግ ሰው ነው፣ አልክድም፤ ጠመንጃ በየት በኩል እንደሚጎርስ ግን አያውቅም። ቀናሁ። ሰው በሚስቱ ይቀናል፣ በመሬት ይቀናል፤ እኔ በጓደኛዬ ጠመንጃ አንጀቴ አረረ። ለመሆኑ መላጣው ኮረብታ ላይ አብሮት የነበረው ሰይድ ነው? ይህን ከራሴ ጋር ስሟገት የሰው ጤፍ ከገብስ ጋር ደባልቄ ፈጨሁና ባለቤቲቱ ስትረግመኝ ዋለች። ይልቃል ደግሞ በየቀኑ እዚያ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ከሰይድ ጋር ያወጋል። ሲስቁ በሰማሁ ቁጥር ወፍጮውን አስነሣለሁ፤ የሚፈጭ ባይኖርም።

በዚህ መካከል ዲማ የነበሩት የይልቃል አጎት አረፉ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ የአጎቱን ለቅሶ መሣሪያ ሳይዝ አይደርስም። ባዶ እጁን የሄደ መተረቻ ይሆናል። ይልቃል ወፍጮ ቤቴ መጣና መሬት መሬት እያየ «ምንሽሩን አምጣልኝ፤ ለነገ ብቻ ነው» አለኝ። «ሰይድ እኔን እምቢ ብሎኛል። አንተን ግን ያፍርሃል።»

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣ! እንቅልፍ መተኛቱን እንኳ ሳልጠይቀው ተነሥቼ ሄድሁ።

ሰይድ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ አዳመጠኝ። «አልሰጥም» አለ።

«ሰውየው አጎቱ ሞተውበታል! ባዶ እጁን ይሂድ ነው የምትለው?»

«ይሂድ። እናኑ "ሐኪሙ ፈቅዷል" ብላ እስክትመጣ፣ ብለምንህም፣ ሽማግሌ ብልክብህም እንዳትሰጠኝ ብሎኛል።»

«አንተ ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለህ?»

«ምንም» አለ ሳይቀየም። «እኔም ጠይቄው ነበር። ጓድህ እዚህ እያለ ለምን እኔ ጋ ታመጣለህ ብዬ።»

«ምን አለህ?»

ሰይድ ጣቃውን መጠቅለል ጀመረ። መናገሩ ከብዶት ነበር። «"እሱ ይወደኛል፤ ብጠይቀው አይጨክንብኝም" አለኝ።»

ይልቃል አንድ ጊዜ ጠይቆኝ ይኸው ምንሽሩን ልወስድለት ቆሜያለሁ።

ተመልሼ «ገና ነህ» አልሁት። ቃሉ የራሱ ነው። ሰደበኝ፤ ሰይድንም ሰደበ። ቀጥሎ የወፍጮ ቤቴ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እናኑ መጥታ እስክትወስደው አጠገቡ ነበርሁ።

በማግስቱ ጠዋት የራሴን ክላሽ ይዤ ሰይድ ሱቅ ገባሁ። ሰይድ ደነገጠ፤ ልጣላው የመጣሁ መሰለው። «አደራ» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። ከዚያ ከይልቃል ጋር ዲማ ሄድን፤ እሱም ባዶ እጁን፣ እኔም ባዶ እጄን። ለቅሶው ላይ አንድ ዘመዱ ከላይ እስከ ታች አየንና «መሣሪያችሁስ?» አለ። እኔ መልስ ስፈልግ ይልቃል ቀደመኝ። «ሰይድ ሱቅ ነው» አለ፤ ቀና ብሎ።

ሦስት ጓዶቻችንን መላጣው ኮረብታ ላይ ቀብረናል። ሌሎች ሁለት ጓዶቻችን ደግሞ ከጦርነቱ ከተመለሱ በኋላ በየቤታቸው፣ በገዛ መሣሪያቸው አለፉ። የጦር ሜዳ ሙት ብሎ የቆጠራቸው የለም፤ እኔ እቆጥራቸዋለሁ። አምስት ናቸው።

ክረምቱ ወጥቶ፣ አጨዳው አልቆ፣ ሐኪሙ ፈቀደ። ጠመንጃዎቹን ለመቀበል ሦስታችን ሄድን፤ ይልቃል፣ እናኑና እኔ። ሰይድ ከጨርቁ ኋላ አወጣቸው። አንድ ቀን እንኳ ዘይት አልነካቸውም፤ የምንሽሩ አፈሙዝ ዝጓል። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ።

«እኔ ጋ ቢሆኑ ኖሮ እንደ መስተዋት ያበሩ ነበር» አልሁ።

«ያበሩ ነበር» አለ ይልቃል፣ ዝገቱን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ።

እውነቱን ነው፣ ያበሩ ነበር። ሙታናችንም ስድስት ይሆኑ ነበር። በሰይድ ግን አሁንም እቀናለሁ።