የእናቴ ምርቃትና የግርማ ዲስክ

ግርማ የበደለኝ እናቴ ባረፈች በመጀመሪያው ክረምት ነው፤ ቀበና፣ ከድልድዩ ከፍ ብሎ በነበረው ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው እየሰማ። ዛሬም የዲስክ ማንበቢያ ከፍቼ ያ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው መጀመሪያ የሚመጣብኝ የእሱ ሳቅ ነው።

ባዳ አልነበረም። አጥር ለአጥር ነው ያደግነው። የእንጦጦ ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ወደ ግቢያችን ሲወርድ፣ እኔና እሱ ከወንዙ ጭቃ ለብሰን ስንመለስ፣ እናቴ ሁለታችንንም በአንድ ሳፋ ውሃ አጥባ፣ የሰው ልጅ ነው እያለች እሱን ቀድማ ታጎርሰው ነበር፤ እኔ አፌን ከፍቼ እየጠበቅሁ። አባቱ ጋሽ ደስታ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ እሁድ እሁድ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠውን ወደ የካ ሚካኤል ሲወጡ ጥሩምባውን የምነፋው እኔ ነበርኩ፣ ግርማ ደግሞ በቅናት ጭኔን ይቆነጥጠኛል። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

የእናቴ ድምፅ የቀረው በታናሽ እህቴ ሰርግ ካሴቶች ላይ ብቻ ነበር። በመልሱ መጨረሻ ሙሽሮቹ ጉልበቷን ሲስሙ ተነስታ የመረቀችው ያ ሰፈሩን ሁሉ ያስለቀሰው ረጅም ምርቃት እዚያ ላይ አለ። ሻጋታ ሳይበላቸው ወደ ዲስክ እንዲገለብጥልኝ ብዬ ለግርማ ወሰድኩለት። ያን ሰሞን ከዱባይ ያስመጣውን፣ ብሉሬይ የሚባለውን ብዙ የሚይዝ ዲስክ የሚጽፍ መሣሪያ እንደ አዲስ መኪና ለአላፊ አግዳሚው ያሳይ ነበር። ሰርጉም መልሱም በአንድ ዲስክ ይገባል አለኝ። የባዶው ዲስክ ማሸጊያ የሚፈቅደው የመጻፊያ ፍጥነት አራት እጥፍ ነበር፤ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ አሥራ ሁለት እጥፍ መረጠ።

«ግርማ፣ እዚህ ላይ አራት ነው የሚለው። ቀስ ብለህ ጻፈው፣ አልቸኩልም።»

«አስቱ ደግሞ! በጋሪ ልሂድልሽ?» ወረፋ የያዙት ሳቁ። «ይሄ እኮ ይበራል። አንቺ እናትሽን አልቅሺ፣ ማሽኑን ለእኔ ተይው።»

ዲስክ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ስህተት ካለም የሚበዛው እዚያ ነው። ይህን ያኔ አላውቅም። ቤት ገብቼ ስከፍተው ሰርጉ ጥርት ብሎ አለፈ፤ ጭፈራው፣ የሚዜዎቹ ቀልድ፣ የመልሱ ድንኳን። እናቴ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቷ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተበጣጥሶ ቀረ።

ካሴቶቹን ፍለጋ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሮጬ ተመለስኩ።

«እነሱ ላይማ የሰው ክርስትና ቀረጽኩባቸው» አለ፣ ቀና ሳይል። «ዲስክ እያለሽ ካሴት ምን ይሠራልሻል?»

ቪዲዮ ቤቶች የገለበጡት ካሴት ላይ ደርበው መቅረጽ ልማዳቸው ነበር፤ የሰው ካሴት ግን ሳይጠይቁ አይነኩም። ዲስኩን አስገብቶ ሞከረው። «አያነብም» አለና መለሰልኝ። ይቅርታ እንኳ አላለኝም።

የቀበናው ቤታችን ፈርሶ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ቆየሁ። ምድር ቤት ባለችው ሱቄ ሰው የተወው የቆየ ካሴትና ዲስክ አነባለሁ፤ ሥራውን የተማርኩት ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ምርቃቷን በምን ቃል እንደምትጀምር ግን ረስቻለሁ፤ እህቴን ብጠይቃት እሷም ረስታዋለች።

ባለፈው ጥቅምት ግርማ መጣ። ጸጉሩ ነጥቷል፣ ድምፁም ቀንሷል፤ አንድ ዲስክ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

«አስቱ፣ የአባባ ነው። ከማረፋቸው በፊት የቀረጽኳቸው፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ያልወሰድኩበት ቤት የለም። አንቺ ትችያለሽ አሉኝ።»

«እዚህ ተወውና ነገ ና» አልኩት።

በዝቅተኛው የማንበቢያ ፍጥነት አስገባሁት። መሣሪያው ሲያጓራ፣ እየቆመ ሲነሳ ዋለ፤ ፀሐይ ሳትገባ እስከ ዳሩ አነበበው። ጋሽ ደስታ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ መኪናቸው አወሩ፣ ጥሩምባ ስለምትወደው የጎረቤት ልጅም አንስተው ሳቁ፤ በመጨረሻ ግርማን በስሙ ጠርተው መረቁት። ምርቃቱን ሁለቴ ሰማሁት።

በማግስቱ ሲመጣ ዲስኩን መለስኩለት።

«አያነብም» አልኩት።

ለራሴ ያስቀረሁት ቅጂ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከእናቴ ዲስክ ጎን አለ።