የቦርከና ዓሦች ሆድ

ለመመረቂያ ጥናቴ ከደሴ ኮምቦልቻ እየወረድኩ፣ የቦርከና ወንዝ ዓሦች ምን እንደሚበሉ ለማወቅ ሆዳቸውን እከፍት ነበር። አንድ ጠዋት ወንዙ ዳር የሚኖሩት እማማ ዘይነባ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

"አንች ልጅ፣ ከሆዳቸው ምን ጠፍቶሽ ነው?"

"ምን እንደበሉ ላይ ብዬ ነበር፤ ባዶ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ውሃውን ሲበክለው የሚበሏቸው ትሎች አለቁ።"

"ወይኔ ልጄ፣ ተርበዋላ!" ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስለ ጥናቱ ላስረዳቸው ብሞክርም ፊታቸው አልፈታ አለ፤ ተነስተው ሄዱ።

በሳምንቱ የከፈትኩት ዓሣ ሆዱ ጢም ብሏል። ደስ ብሎኝ በአጉሊ መነጽር ባየው፣ ነጭና ልስልስ ያለ ነገር ነው፤ ከማውቃቸው ነፍሳት ሁሉ ጋር አልመሳሰል አለኝ። ግራ ገብቶኝ ቀና ስል፣ እማማ ዘይነባ ከበላዬ በኩል ወንዙ ዳር ቆመው ዳቦ እየፈረፈሩ ውሃው ላይ ይበትናሉ።

"ብሉ የኔ ልጆች፣ ቢስሚላህ በሉና ብሉ!"