ያልተነበበው ጠንካራ ጎን

ጎረቤቴ በርበሬ ባስፈጨች ቁጥር የማስነጥሰው እኔ ነኝ። ዛሬም ዱቄቱን ግቢያችን ውስጥ ስትነፋ ሽታው በመስኮት ገባና ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰኝ። «ይማርሽ!» አለችኝ እየሳቀች። እኔ ግን እዚህ ወልቂጤ ተቀምጬ ልቤ ቡታጅራ ሄዷል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከወልቂጤ፣ ከአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ወጥቼ፣ ቡታጅራ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኃላፊው ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ከመሾማቸው በፊት ነጋዴ ነበሩ። በወጣትነታቸው የላስቲክ ጫማ በጆንያ ተሸክመው የመስቃንን ገበያዎች በእግራቸው ዞረዋል። ከዚያ የበርበሬ መጋዘን ከፈቱ፤ ቀጥሎ ወፍጮ፣ ቀጥሎ የጭነት መኪና። ሲሾሙ መጋዘኑን ለወንድማቸው አስረክበው ነው የመጡት። ዘበኛው፣ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ፣ «ጋሼ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል እኮ» ብሎ ሲቀልድባቸው፣ «እኔ በልቼ ነው የመጣሁት» ይሉት ነበር።

ቢሮውን እንደ ሱቅ ነበር የሚያዩት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ራሳቸው ከፍተው በር ላይ ይቆማሉ። ባለጉዳይ ሲመጣ «ግቡ፣ ግቡ!» ይላሉ፤ ሰው ደግሞ መንግሥት ቤት እንዲህ መባልን ስላልለመደ ግራ ይገባዋል። ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ካደረ ይቆጡኛል። «ያደረ ዕቃ ነው ሱቅ የሚገድለው» ይሉኝ ነበር። እኔም በልቤ እስቅባቸው ነበር፤ ወረቀት ምኑ ይበላሻል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ወረደ። ከመስቃን በጋሪ የመጡ ገበሬዎች ያልሸጡት በርበሬ ጆንያ ውስጥ እንዳለ መንገድ ላይ ተያዙ። ቢሮ ውስጥ የነበርነው እሳቸው፣ ዘበኛውና እኔ ብቻ ነን።

«የአዳራሹን ቁልፍ አምጪ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የስብሰባ አዳራሽ እኮ ነው!»

«ስብሰባ ይጠብቃል። በርበሬ ከረጠበ ይሻግታል። ያመት ልፋታቸው ነው፣ ልጄ።»

ከፈትኩ። ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉና ጆንያ በትከሻቸው ማስገባት ጀመሩ። እኔ በቁራጭ ወረቀት ላይ የየገበሬውን ስም እየጻፍኩ በየጆንያው አፍ አሰርኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይንጣጣል፣ እርጥብ ጋቢና በርበሬ አንድ ላይ ይሸታል፣ ሁላችንም እናስነጥሳለን፣ እንስቃለን። እሑድ አመሻሹ ላይ ገበሬዎቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጭነው ሄዱ። ሽታው ግን ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግምገማ ተጠራ፤ እዚያው አዳራሽ። ግምገማ እንዴት እንደሚሆን ይታወቃል፤ ሠራተኛው ተራ በተራ እየተነሳ የኃላፊውን ጠንካራ ጎንና ደካማ ጎን ይናገራል። ዝም ያለ አድርባይ ይባላል። እኔ ደግሞ ገና የሙከራ ቅጥር ላይ ነበርኩ፤ አድርባይ መባል አልችልም። ሌሊቱን ሙሉ አስቤ አስቤ ለእሳቸው ያገኘሁት ድክመት ያ አዳራሽ ብቻ ነበር፤ ያለ ደብዳቤ መከፈቱ። ደብተሬ ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ። በደካማ ጎን፣ አዳራሹ ውስጥ በርበሬ አስገብተዋል። በጠንካራ ጎን፣ በርበሬው የገበሬዎቹ ነው፣ ከዝናብ አድነውላቸዋል። ብልጠት መስሎኝ ነበር፤ ተችቼ ላመሰግናቸው።

ስብሰባው ሲጀመር ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። መድረኩን የሚመራው እንግዳ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው፣ በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ይላል፤ የሚመልስለት የለም። ዘበኛው ስብሰባ አይገባም። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ሰውዬው ሰዓቱን አየና «ጠንካራ ጎን ይቆየን፣ ጊዜ የለንም። በቀጥታ ወደ ድክመት» አለ።

የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። «ኃላፊያችን ይህን አዳራሽ የበርበሬ ማስቀመጫ አድርገውት ነበር። ቁልፉን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ጉድ አለ። ሰውዬው ጠረጴዛውን መታና «ሂስ ማለት ይሄ ነው!» አለ። ተጨበጨበልኝ። በሕይወቴ ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም ነበር። ተቀመጥኩ። የበርበሬ ነጋዴ አዳራሽ ውስጥ በርበሬ አስገባ ከተባለ «የማን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ለራሱ መልሶታል።

እሳቸው ተነሱ። አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ቁጣ አልነበረም፣ መጠበቅ ነበር። እጄን አውጥቼ ቀሪውን እስክናገር ጠበቁኝ። አላወጣሁም። ፈርቼ ነው ብል ግማሹ ውሸት ነው፤ ጭብጨባው ጣፍጦኝ ነበር። ከዚያ ወደ መድረኩ ዞረው «ትክክል ብላለች። ያስገባሁት እኔ ነኝ» አሉና ተቀመጡ።

ወር ሳይሞላ ከኃላፊነት ተነሱ። በሚዛን ታምተው የማያውቁት ሰው በከተማው «መንግሥት ቤት በርበሬ ያሳደረው» ተባሉ። ወንድማቸውን መጋዘኔን መልስልኝ አላሉትም፤ አንዲት ጠባብ የሚስማርና የቀለም ሱቅ ከፈቱ። ዘበኛው ሰላምታዬን መመለስ ተወ። አንድ ቀን ብቻ በር ላይ አስቁሞ «አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ ስም የጻፍሽው በየትኛው እጅሽ ነው?» አለኝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ወደ ወልቂጤ ተዛውሬ ሳለሁ፣ በመስቀል ሰሞን ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ብቻውን አይሄድም፣ ሽማግሌ ይልካል። እኔ ግን ሽማግሌው በደሌን እንዳይሰማ ብዬ ብቻዬን ሄድኩ፤ እዚያም ላይ ስለ ራሴ ነው ያሰብኩት።

«ግቢ፣ ግቢ!» አሉኝ። በርጩማ ጠርገው አስቀመጡኝ። ጸጉራቸው ነጥቷል። ያጠናሁትን ልጀምር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ቋሚ ሆንሽ?»

«ምን አሉ፣ ጋሼ?»

«ያኔ ሙከራ ላይ ነበርሽ እኮ። እኔ በርበሬው የገበሬ ነው ብል አንቺን ዋሸች ይሉና ያባርሩሽ ነበር። ሆንሽ ወይ?»

«ሆንኩ» አልኩ።

«እሰይ! ተመስገን!» አሉ። ፊታቸው በራ፤ ከልባቸው ነበር የተደሰቱት። ወዲያው ሚስማር የሚገዛ ሰው ገባ፣ እሳቸውም ሊመዝኑለት ተነሱ። እኔ በርጩማው ላይ እንባዬን ስጠርግ ቆየሁና «ደህና ይዋሉ» ብዬ ወጣሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ አልኩ። ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ እያልኩ ዓመታቱ ሄዱ።

ትናንት ማረፋቸውን ሰማሁ። ነገ በጠዋት ሚኒባስ ቡታጅራ እሄዳለሁ። ለቀስተኛው ፊት፣ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ፣ በርበሬው የገበሬዎቹ ነበር፣ አንድም ጆንያ የእሳቸው አልነበረም፣ እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እሱን ስለማመድ ነው የዋልኩት። አንድ ደቂቃ እንኳን አይፈጅም።