ለጨበጣ ስንት እንስጠው?

ወንድሜ ከጦርነቱ ሳይመለስ ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ቤታችን ውስጥ አንድ ሳል ነበር። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቅ ሳል ነበረበት፤ የጉና ብርድ ሲበረታ ይብስበታል። እሱ ሄዶ ሳሉ ቀረ፤ ሲመሽ ከአጥሩ በኩል ይሰማናል። አባቴ ሲሰሙት «ይኸው፣ በሕይወት አለ!» ይላሉ። እናቴ ያንኑ ሳል ሰምታ ታማትባለች። «ፍትሐት ያልተደረገለት ነፍስ ነው፤ ጸሎት እየለመነኝ ነው» ትላለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምራለሁ፣ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን እሰማዋለሁ፣ ምን ላድርግ!

ስለ እሱ የመጣልን ወሬ አንድ ብቻ ነው። አብሮት የዘመተ ልጅ እያነከሰ መጥቶ በረንዳችን ላይ ተቀመጠና «ጥይት አለቀብን። ምሽጋችን ውስጥ ገቡብን። እጅ በእጅ፣ ጨበጣ ሆነ። እኔ ቆስዬ ወጣሁ፤ እሱን ከዚያ በኋላ አላየሁትም» አለ። አባቴ «አላየሁትም» የምትለዋን ይዘው ቀሩ። አላየሁትም ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ በዚህ ቤት ድንኳን አይተከልም፣ ቄስ አይጠራም፣ ማንም አያለቅስም አሉ። እናቴ ደግሞ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለልጇ አልቅሳ፣ ፍትሐት አስደርጋ፣ ነፍሱን ማሳረፍ። ልቅሶ የተከለከለች እናት አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። ሽንኩርት ስትልጥ እንኳ አባቴ ቀና ብለው ያዩዋት ነበር።

ጨዋታውን ያመጣው ተከራያችን ነው። ከደቡብ የመጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ይዞ ይኖራል። መንገድ ተዘግቶ ትምህርት ሲቋረጥ ሥራ ፈታ፤ እኔም ፈታሁ። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች የጥንት ጦርነቶችን በትንንሽ የወታደር ምስሎች ጠረጴዛ ላይ እንደገና እንደሚዋጉ ነገረኝ። የመሳፍንቱን ዘመን ውጊያ ለተማሪዎቼ በዚህ ባሳያቸውስ ብዬ ገባሁበት። ከጓሮ ጭቃ አቡክተን ወታደር ሠራን። ለጦር የእናቴን ስንደዶ ቆረጥን፣ ለጠመንጃ የክብሪት እንጨት ሰካን። ዳይሱን ከሉዶ ወሰድን።

ሕጉ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ ከሩቅ ሲዋጋ፣ ሌላው በጨበጣ። ዳይስ ይጣላል፣ በቁጥሩ ላይ ይደመራል፣ የበለጠ ያሸንፋል። ባለጦሮቹ በጨበጣ ሦስት ተሰጣቸው። ባለጠመንጃዎቹ ጋ ስንደርስ አባቴ ገብተው ከጎናችን ወንበር ሳቡ።

«እነዚህስ በጨበጣ ስንት ናቸው?» አሉ።

«አንድ ናቸው፣ አባባ» አለ ተከራያችን፣ ምስኪን። ስለ ወንድሜ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሲጠይቅ ሁልጊዜ «ግዳጅ ላይ ነው» ነው የሚባለው። «ያ ጠመንጃ ‹ቆመህ ጠብቀኝ› የሚሉት ነው። አንዴ ከተተኮሰ እስኪጎርሱት ዓመት ነው፤ ሳንጃም የለው። ጠላት አጠገቡ ከደረሰ አለቀለት።»

በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት። የአባቴ ፊት ተለዋወጠ።

«አምስት አድርገው» አሉ።

«አባባ፣ አምስትማ—»

«አምስት አልኩ!»

አምስት ጻፍኩ። ወታደር የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ዘምተው ተመልሰዋል፤ ማን ይከራከራቸዋል? ጨዋታው ግን ተበላሸ። ባለጠመንጃ ከሩቅም ይጥላል፣ ከቅርብም ይጥላል። አባቴ ከምሳ በኋላ እየመጡ የባለጠመንጃውን ወገን ይይዛሉ፤ ያሸንፋሉ። እንደገና ይጫወታሉ፤ ያሸንፋሉ። ባሸነፉ ቁጥር ፊታቸው ይፈካል። ስንት ጊዜ ጥርሳቸውን ሳላይ ከርሜ ያን ሰሞን ሳቁ። ያ ሳቅ ግን ያስፈራኝ ነበር። ማታ ሳሉ ሲመጣ ወደ እኔ ዞረው «አላልኩሽም?» ይሉኛል፣ የጭቃ ወታደር ሲያሸንፍ ልጃቸው ከምሽግ የወጣ ይመስል።

ተከራያችን አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ይዞኝ «ይሄ እኮ ጨዋታ አይደለም! አንቺ የታሪክ መምህር ሆነሽ እንዴት ትቀበያለሽ?» ቢለኝ ቱግ አልኩ። «አንተ ቁጥርህን ይዘህ ገደል ግባ!» ብዬ ጮህኩበትና ሁሉንም ነገርኩት። አመድ መሰለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቁጥሩ ትንፍሽ አላለም፤ ዝም ብሎ ይሸነፍላቸዋል።

እናቴ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። ገብታ አታውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ገባችና ተከራያችንን «አንተ ልጅ፣ እስቲ ተነሣልኝ» አለችው። ቦታው ላይ ተቀመጠች። ባለጦሮቹ የእሷ ሆኑ።

ዳይሱን አልነካችም። ባለጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና አባቴን «ልጄ የትኛው ነው?» አለቻቸው።

የምገባበት ጠፋኝ። አባቴ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከመሐል ያለውን በጣታቸው ነኩ። እናቴ ባለጦሮቿን ሁሉ አንሥታ ዙሪያውን ከበበችው። ስንደዶው በሙሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ይጣሉ» አለች።

አባቴ ጣሉ፤ እሷም ጣለች። አሸነፉ። አሁንም ጣሉ። አሸነፉ። በአምስት ማን ይሸነፋል? እናቴ ግን የሞተባትን ምስል ከጠረጴዛው አላነሳችም።

«አንቱስ?» አለች። «አንቱ ዘምተው የለ? እንዲህ ሲገቡባችሁ በጨበጣ ስንት ነበሩ?»

ስለዚያ ዘመቻ አባቴ ምንም ተናግረው አያውቁም። እኛም ጀግንነት ነው ብለን፣ ጀግና አያወራም ብለን ነው ያደግነው። ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ ጨበጣ አልገጠምኩም» አሉ። «ሲገቡብን ጠመንጃዬን ጥዬ ሮጥኩ። በእግሬ ነው የተረፍኩት። የቆሙት አንዳቸውም አልወጡም።»

የመሐሉን ምስል እንደገና በጣታቸው ነኩ።

«እሱ ሲሄድ ግን ‹ጀርባህን እንዳትሰጥ፣ እንዳታዋርደኝ› አልኩት። እኔ! እኔ ነኝ ያልኩት። ያ ልጅ ደግሞ ቃሌን አፍርሶ አያውቅም።»

ተናድጄባቸው ነበር የከረምኩት። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ አምስቷን የሙጥኝ ያሉት ስለሚያውቁ ነው።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ነው። ባለጠመንጃ በጨበጣ አንድ ነው። ጻፊው።»

እርሳሱን አነሣሁ። አምስቷን ሰርዤ አንድ ልጽፍ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«አንድ አትበይው» አለች። «ሁለት በይው። ልጄ ጠንካራ ነበር።»

አባቴን አየኋቸው። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ጮኸች። ከበረዶው በላይ የተሰማ ጩኸት ነበር። ጎረቤት አጥር ጥሶ ገባ፤ ከሴቶቹ አንዷ ደረቷን እየመታች «ማን አረዳት? መርዶውን ማን አመጣው?» ትላለች። መቼም በእኛ አገር መርዶ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በር ተንኳኩቶ። ሁሉም ተከራያችንን አየ። እሱ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል።

አባቴ ከወንበሩ ተነሡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ ያረዳኋት።»